ስለ ፓይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከሥጋው እስከ አፕሉ

ስለ ፓይ ታሪክና አሠራር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓይ ማለት ምን ማለት ነው?

ሙሌቱን ሊጥ ውስጥ አድርጎ አብሮ መጋገር ነው። ሊጡ ከታች ብቻ ሊነጠፍ ይችላል። ከላይ ብቻ ሊደፋም ይችላል። ከላይም ከታችም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ለሚገባው ነገር ገደብ የለውም፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አይብ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ቸኮሌት፣ ሁሉም ይሆናል።

ከዳቦና ከኬክ የሚለየው በሊጡ ሥራ ነው። የዳቦ ሊጥ ኩፍ እንዲል እንፈልጋለን። የፓይ ሊጥ ግን ዱቄት፣ ቅባት፣ ትንሽ ውሃና ጨው ሆኖ ሥራው መያዝ ነው። ስስ ሆኖ፣ ሳይቀደድ፣ የውስጡን ጭማቂ ይዞ መብሰል አለበት። ይህን "መያዝ" የሚለውን ነገር ልብ በሉልኝ። የፓይ ታሪክ በሙሉ የሚሽከረከረው እሱ ላይ ነው።

ከታርትና ከኪሽ በምን ይለያል?

ታርት ከላይ ክፍት ነው፤ ጎኑ አጠር ብሎ ቀጥ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጋገሪያው ወጥቶ ብቻውን ይቆማል። ፓይ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ዘመም ባለ ሳህን ተጋግሮ ከዚያው ከሳህኑ ይቆረሳል። ኪሽ እንቁላልና ክሬም የተሞላ ክፍት ታርት ሲሆን ታዋቂው የፈረንሳዩ ሎሬን ነው። ጋሌት ደግሞ ያለ ሳህን፣ የሊጡ ጠርዝ በእጅ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚጋገረው ነው። ድንበሩ ጥብቅ ስላልሆነ ስሙ ላይ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ፓይ የጋገረው ማነው?

ስም ጠርቶ እገሌ ማለት አይቻልም። ዱቄትና እሳት ያለው ሕዝብ በየፊናው ደርሶበታል። በጽሑፍ ካሉን ማስረጃዎች በጣም ከቆዩት አንዱ ከባቢሎናውያን ዘንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1730 ገደማ በሸክላ ጽላት ላይ የተቀረጹ የምግብ አሠራሮች ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከነሱ አንዱ ስለ ትንንሽ ወፎች ነው። ወፎቹ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይበስላሉ። ሳህን ላይ ሊጥ ይነጠፋል፤ ወፎቹ ይደረደሩበታል፤ ለብቻው የተጋገረ የሊጥ ክዳን ይደፋበትና ለገበታ ይቀርባል። ከ3,700 ዓመት በፊት የነበረ ሰው ክዳኑ በመረቁ እንዳይላሽቅ ተጨንቆ ለብቻው ጋግሮታል ብዬ ሳስብ በጣም ይደንቀኛል። የእኛም ጭንቀት እኮ ያው ነው።

ሮማውያንም የየራሳቸው ነበራቸው። ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ "ፕላሴንታ" የሚባል ነገር አለ፤ ስስ ሊጥ፣ የበግ ወተት አይብና ማር እየተደራረበ የሚጋገር ነው። በአፒሲየስ ስም በሚታወቀው የምግብ መጽሐፍ ደግሞ የአሳማ ታፋ ከደረቅ በለስ ጋር ይቀቀላል፤ ቆዳው ተገፎ፣ ሥጋው ተተልትሎ ማር ይገባበታል፤ ከዚያ በዱቄትና በዘይት ሊጥ ተጠቅልሎ ይጋገራል። ሥጋ፣ በለስና ማር በአንድ ሊጥ ውስጥ። ጨዋማውና ጣፋጩ ገና አልተለያዩም ነበር።

ጥንት ቅርፊቱ አይበላም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የፓይ ቅርፊት "ኮፊን" ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬ የሬሳ ሣጥን ማለት ነው። ያኔ ግን ማንኛውም ሣጥን ወይም ቅርጫት ኮፊን ነበር። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ቅርፊቱ ድስትም፣ መጋገሪያም፣ ስንቅ መያዣም ነበር። መጋገሪያ ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ዱቄቱን ጠንከር አድርጎ አቡክቶ፣ እንደ ግድግዳ አቁሞ፣ ሥጋውን ውስጡ መክተት ትልቅ ብልሃት ነበር።

ብልሃቱ በዚህ አያበቃም። ፓዩ ከምድጃ ሲወጣ ክዳኑ ላይ በተተወችው ቀዳዳ የቀለጠና የጠራ ቅቤ ይፈስበታል። ሥጋ ሲበስል ኩምትር ይላል፤ ከቅርፊቱ ጋር መሀላቸው ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ቅቤው ያንን ይሞላዋል፤ ሲቀዘቅዝም ይረጋና አየር አያስገባም። ማቀዝቀዣ ሳይኖር፣ ጣሳ ሳይኖር፣ በብርድ ወራት ሥጋ ሳይበላሽ የሚከርመው እንዲህ ነበር። ዛሬም በእንግሊዙ የአሳማ ሥጋ ፓይ ውስጥ በቀዳዳ የሚፈሰውና እንደ ጄሊ የሚረጋው የአጥንት መረቅ የዚያው ልማድ ቅሪት ነው።

ሃና ግላስ የተባለችው እንግሊዛዊት በ1747 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ አንድ የገና ፓይ አለ። እርግብ በቆቅ ውስጥ፣ ቆቋ በዶሮ ውስጥ፣ ዶሮዋ በዝይ ውስጥ፣ ዝይዋ በተርኪ ውስጥ ትገባለች። በዙሪያው ጥንቸልና የዱር ወፍ ይጠቀጠቃል። ይህ ፓይ በሣጥን ታሽጎ ወደ ለንደን በስጦታ ስለሚላክ ግድግዳው በደንብ መሠራት አለበት ትላለች። "ግድግዳ" ነው ያለችው። ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ቤት የምታወራ ነው የምትመስለው።

ታዲያ ይበላ ነበር ወይ? ወፍራሙን ግድግዳ ባለጸጋው ላይነካው ይችላል፤ ለአሽከርና ለደጅ ጠኚ ይተርፋል። በቅቤና በእንቁላል የታሸው የትንንሽ ፓይ ሊጥ ግን ያኔም ይበላ ነበር። በኋላ መጋገሪያ ሳህን ሲበዛ ቅርፊቱ ከዕቃነት ተገላገለ። መሸከሙ ሲቀርለት ስስ መሆን ቻለ፤ ስስ ሲሆን ደግሞ ጣፈጠ። ለእኔ የፓይ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ ቃሉ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ይገኛል። ብዙዎች የሚጠቅሱት ግምት ከአንድ ወፍ ጋር ያገናኘዋል። ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት፣ ያገኘችውን ሁሉ ለቃቅማ ጎጆዋ ትከታለች የምትባል ወፍ በድሮው እንግሊዝኛ "ፓይ" ትባል ነበር። ፓይም ያገኙትን ሁሉ የሚከቱበት ነውና ስሙን ወሰደ ይባላል። ግምት ነው፤ ደስ የሚል ግምት።

ፓይ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም የሚለው ስጋት የመጣው ከየት ነው?

ከእውነተኛ ማጭበርበር ነው። ክዳን የሚሸፍነው ነገር ሁሉ ያጠራጥራል። በ1378 በንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ዘመን ለንደን ውስጥ ምግብ አብሳዮችና ፓይ ጋጋሪዎች የሚሸጡበት ዋጋ በደንብ ተወሰነ። በዓመቱ በ1379 ደግሞ ሌላ ደንብ ወጣ። ጋጋሪዎቹ ጥንቸል፣ ዝይና የሆድ ዕቃ፣ አንዳንዴም የሸተተ፣ ሊጥ ውስጥ ደብቀው ይሸጡ ነበር። የበሬ ሥጋውንም የአጋዘን ነው እያሉ ያቀርቡት ነበር። ደንቡ ይህን ከለከለ። ከ600 ዓመት በፊት የወጣ የሸማቾች መብት ሕግ በሉት።

ጨዋማው ነው የቀደመው ወይስ ጣፋጩ?

መጀመሪያ ላይ አልተለያዩም ነበር። በመካከለኛው ዘመን የሥጋ ፓይ ውስጥ ዘቢብ፣ ቴምር፣ ቀረፋና ቅርንፉድ መግባቱ የተለመደ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝ የአፕል ፓይ አሠራር አፕል፣ ፒር፣ በለስ፣ ዘቢብና ቅመም ይጠቅሳል፤ በሳፍሮን ቀለም እንዲሰጡትም ያዛል። ስኳር የሚል ቃል ግን የለበትም። ስኳር ያኔ እንደ ቅመም በጥቂቱ የሚነሰነስ ውድ ነገር ነበር።

የለወጠው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ የመጣው ርካሽ ስኳር ነው። ርካሽ ያደረገውም ምን እንደሆነ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ በካሪቢያን የሸንኮራ እርሻዎች በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነው። ስኳሩ ሲበዛ ጣፋጩ ፓይ ራሱን ችሎ ወጣ፤ ሥጋውም ከፍራፍሬው ጋር ቀስ በቀስ ተለያየ።

ሁሉም ቦታ ግን አልተለያዩም። የሞሮኮው ፓስቲያ እርግብ ወይም ዶሮ፣ ለውዝና ቀረፋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ከላዩ የስኳር ዱቄት ይነሰነስበታል። ሥጋና ስኳር አብሮ አይሄድም ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁሌም እሱ ነው።

ፓይ ሲቆረስ ወፎች በረሩ የሚባለው ተረት ነው?

ተደርጓል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ምግብ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ አለ፤ በ1598 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ወፎቹ አብረው አይጋገሩም። ባዶው ቅርፊት መጀመሪያ ይጋገራል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ይከፈትለታል፤ ወፎቹ በሕይወት እንዳሉ የሚገቡት ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ለገበታ ሊቀርብ ሲል ነው። ክዳኑ ሲነሳ ይበራሉ፤ እንግዳው ይደነግጣል፤ ግብዣው ይደምቃል።

ከዚህም የባሰ አለ። በ1626 ገደማ ለእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛና ለንግሥት ሄንሪዬታ ማሪያ በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ከትልቅ ቀዝቃዛ ፓይ ውስጥ ጄፍሪ ሃድሰን የሚባል የ7 ዓመት ልጅ ብድግ ብሎ ወጣ። ቁመቱ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ንግሥቲቱ ወደደችው፤ ቤተ መንግሥትም ቀረ። ልጅን ለመዝናኛ ሊጥ ውስጥ የከተተ ግብዣ ሳነብ ያመኛል፤ ግን የታሪኩ አካል ነው።

ሚንስ ፓይ ስሙ የተፈጨ ሥጋ ሆኖ ሳለ ለምን ሥጋ የለውም?

ነበረው። የእንግሊዞች የገና ፓይ ለብዙ መቶ ዓመት የተከተፈ ሥጋ፣ ሞራ፣ ዘቢብና ቅመም ነበር። ሥጋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ፍራፍሬው፣ ስሙና ብዙ ጊዜም ሞራው ቀሩ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን የገዛው ክሮምዌል ሚንስ ፓይ በሕግ ከለከለ የሚለውን ብዙ ሰው ይነግራችኋል። ፓይን ለይቶ የከለከለ ሕግ የለም። የሆነው፣ በ1647 ፓርላማው ገናን ጨምሮ በዓላትን ማክበር መሻሩ ነው። የበዓሉ ምግብም አብሮ በክፉ ዓይን ታየ።

አፕል ፓይ የአሜሪካ ነው?

በልደት አይደለም፤ በፍቅር ግን ነው። የዛሬው አፕል የዱር ቅድመ አያት የበቀለው በመካከለኛው እስያ፣ በካዛኪስታን ተራሮች ነው። ፓዩም ከእንግሊዝና ከሌላው አውሮፓ የሄደ ነው። ችግኙንና ዘሩን፣ ከአሠራሩ ጋር፣ ውቅያኖስ ያሻገሩት ሰፋሪዎቹ ናቸው።

አሜሪካ ሲደርስ ግን ኑሮ ተመቸው። አፕል በየጓሮው ተተከለ፤ እየደረቀ ክረምቱን ይከርም ነበርና ፓይ ዓመቱን ሙሉ ይጋገራል። በ1796 አሚሊያ ሲመንስ ያሳተመችው መጽሐፍ አሜሪካዊ የጻፈው የመጀመሪያው የአሜሪካ ምግብ መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል። እሱ ውስጥ አፕል ፓይም አለ፤ የዱባ ፓይ ቅድመ አያትም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ለምን ትዋጋላችሁ ሲባሉ "ለእናቴና ለአፕል ፓይ" ማለት የተለመደ መልስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያንተ አይደለም የሚላቸው ቢኖርም የሚሰማው የለም።

የኮርንዋል ማዕድን ቆፋሪዎች የፓስቲውን ጠርዝ ይጥሉት ነበር?

ፓስቲ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ታጥፎ ጠርዙ የሚቆነደድ የእጅ ፓይ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባለችው በኮርንዋል በሚሠራው ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚባል ሥራ ሥር ይገባል፤ ሁሉም በጥሬው ነው። በ2011 ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ አግኝቷል። በዚያ ደንብ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጠው ኮርንዋል ውስጥ መዘጋጀት፣ ጠርዙ በጎን መቆንደድና ቢያንስ 12.5 በመቶ የበሬ ሥጋ መያዝ አለበት።

የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፤ የቆርቆሮ ማዕድኑ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ስላለበት ቆፋሪው በቆሸሸ እጁ ጠርዙን ይዞ ይበላና ጠርዙን ይጥለዋል። አሳማኝ ነው። ግን የድሮ ፎቶግራፎች ሌላ ያሳያሉ። ሰዎቹ ፓስቲውን በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ይዘው ከአንዱ ጫፍ ጀምረው እስከ መጨረሻው ነው የሚበሉት። ሲደክም የዋለ ሰው ምግቡን ለምን ይጥላል? እኔ የምወደው ሌላውን ልማድ ነው። ሚስት ወይም እናት የባለቤቱን የስም መነሻ ፊደል በሊጥ ቀርጻ አንዱ ጥግ ላይ ትለጥፋለች። ቆፋሪው ፊደሉ ከሌለበት ጫፍ ይጀምራል፤ የተረፈውን ያስቀምጣል፤ ሲመለስ የራሱን በፊደሉ ያውቀዋል። ጨለማ ውስጥ ላለ ሰው ከቤት የተላከ ስም ነው።

የእረኛ ፓይ ሊጥ የለውም፤ ታዲያ ፓይ ነው?

ስሙ ነው፤ ይሁንለት። በተፈጨ የበግ ሥጋ ላይ የተፈጨ ድንች ተደፍቶ ይጋገራል። በበሬ ሥጋ ሲሆን የጎጆ ፓይ ይባላል፤ ይህኛው ስም ከ1791 ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ድንቹ የክዳኑን ሥራ ይሠራል፤ የሥጋውን እንፋሎት ይይዛል፤ ከላይም ይጠበሳል። የቦስተን ክሬም ፓይ ግን ስሙን ይዞ ኬክ ነው፤ እሱን ፓይ ብዬ አልጠራውም።

በችግር ዘመን ሰዎች ለምን ወደ ፓይ ይዞራሉ?

ፓይ ያለውን ስለሚያበረክት ነው። አንድ ጭልፋ ሥጋ በሳህን ቢቀርብ ያሳፍራል፤ በሊጥ ሲሸፈን ግን ማዕድ ይሆናል። በ1941፣ በጦርነቱ ራሽን ወቅት፣ የለንደን ሳቮይ ሆቴል ዋና ምግብ አብሳይ ፍራንሲስ ላትሪ ሥጋ የሌለው ፓይ አዘጋጀ። ድንች፣ ካሮት፣ አበባ ጎመን፣ ስዊድና አጃ ነበረበት። በምግብ ሚኒስትሩ ስም "ዉልተን ፓይ" ተባለ። ሕዝቡ እምብዛም አልወደደውም፤ ግን በላው።

የአሜሪካ ገጠር ሴቶች ብልሃት ደግሞ ልብ ይነካል። ፍራፍሬ ሲጠፋ ኮምጣጤ፣ ስኳር፣ እንቁላልና ቅቤ አዋህደው የኮምጣጤ ፓይ ይጋግሩ ነበር፤ ኮምጣጤው የሎሚውን ቦታ ይተካል። አፕል የሌለበት "አፕል ፓይ"ም ነበር። ጨዋማ ብስኩት በስኳር ውሃና ክሬም ኦፍ ታርታር በሚባል ኮምጣጣ ነጭ ዱቄት ይቀቀላል፤ ቀረፋ ይጨመርበታል። ብስኩቱ እንደ በሰለ አፕል ይለሰልሳል፤ ኮምጠጥ ማለቱና ቀረፋው ምላስን ያታልላሉ። ሞክሬዋለሁ፤ ሳይነግሩት የበላ ሰው አፕል ነው ይላል።

ሊጤ ለምን እንደ ቆዳ ይጠነክራል?

ብዙ ስለታሸ ወይም ስለሞቀ ነው። የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያደርገውን ግሉተን ይፈጥራል፤ እሱ ለዳቦ ሲጠቅም ለፓይ ጠላት ነው። ቅባቱ የዱቄቱን ቅንጣት ሲሸፍነው ውሃው እንደ ልብ አይደርስም፤ ሊጡም ለስላሳ ይሆናል። ብዙ ጋጋሪዎች የሚይዙት ልክ በሚዛን 3 ዱቄት፣ 2 ቅባት፣ 1 ውሃ ነው። ለ300 ግራም ዱቄት 200 ግራም የገበታ ቅቤና 100 ግራም በረዶ የመሰለ ውሃ ማለት ነው።

ቅቤው ቀዝቃዛ ይሁን። በጣታችሁ ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ስትፈተፍቱት ሁሉንም አታድቅቁት፤ አተር የሚያካክል ቅንጣት ይቅር። ሊጡን ስትዳምጡት እነዚያ ቅንጣቶች ስስ ሆነው ይለጠጣሉ። ሳትደክሙ ቅቤው ነጠብጣብ ሆኖ በሊጡ ውስጥ ይታያችኋል፤ ያንን ካያችሁ ልክ ናችሁ። ምድጃ ሲገባ ቅቤው ይቀልጣል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሊጡን ገፍቶ ይለያየዋል። እንፋሎት ከውሃው ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ኩርሽምሽም የሚለው ንብርብር የሚመጣው ከዚያ ነው። ቅቤው አስቀድሞ እጃችሁ ላይ ከቀለጠ ግን የሚገፋ ነገር አይኖርም።

ሊጡን ከመዳመጣችሁ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳርፉት። ግሉተኑ ይላላል፤ ስትዳምጡትም ወደ ኋላ አይሸሽም።

ሥሩ ለምን ሳይበስል ይቀራል?

ይህ የሁሉም ጋጋሪ መከራ ነው። አንድ ጊዜ እንግዶች ጠርቼ አፕል ፓይ ጋገርኩ። ከላይ ወርቅ መስሎ ወጣ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ቢላዋውን ሳስገባ ክዳኑ ከሽ አለ፤ ከዚያ ቢላዋው ለስላሳ ነገር ውስጥ ሰጠመ። ሳወጣው ነጭ ጥሬ ሊጥ ተለጥፎበታል። እንግዶቹ ላዩን በሉ፤ ሥሩን በጨዋነት ሳህናቸው ላይ ተዉት። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። ምድጃው በደንብ ሳይግል ነው ያስገባሁት፤ ሳህኑንም ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን መጋገሪያ ትሪ ባዶውን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስገብቼ እስከ 220 ዲግሪ አግለዋለሁ። ፓዩ የጋለው ትሪ ላይ ያርፋል፤ ሥሩ ወዲያው መብሰል ይጀምራል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ 190 እቀንሰዋለሁ። ሙሌቱ እንደ እንቁላልና ወተት ቀጭን ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ሊጡ አስቀድሞ ለብቻው ይጋገራል። ወረቀት ይነጠፍበትና ደረቅ ባቄላ ይሞላበታል፤ ክብደቱ ሊጡን ከመነፋትም ከመንሸራተትም ይይዘዋል። ባቢሎናዊው ያንን ክዳን ለብቻው የጋገረው እኮ ለዚህ ነው።

ክዳን ካለው ቀዳዳ አትርሱ። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ሊጡን ከውስጥ ይቀቅለዋል፤ ወይም ጠርዙን ፈንቅሎ ጭማቂውን ያፈሰዋል።

ስቆርሰው ሙሌቱ ለምን እንደ ሾርባ ይፈሳል?

የፍራፍሬ ፓይ ከሆነ፣ ቸኩላችሁ ነው። ጭማቂውን የሚያወፍረው ስታርች መፍላት ይፈልጋል፤ በቀዳዳው በኩል ወፈር ያለ አረፋ ዝግ ብሎ ሲንተከተክ እስክታዩ አታውጡት። ካወጣችሁት በኋላም 3 ወይም 4 ሰዓት ይቀመጥ። ስታርቹ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። ይህ ከባድ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ሽታው እያለ ማን ይቆማል። ትኩስ ካማራችሁ ከረጋ በኋላ ቁራሹን መልሳችሁ አሙቁት።

የዱባ ፓይ የመሰለ እንቁላል ያለበት ከሆነ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ መጋገር ያበላሸዋል። ዳር ዳሩ ረግቶ መሀሉ ሳህኑን ስትነቀንቁት ትንሽ ሲወዛወዝ አውጡት። የቀረውን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ላዩ ከተሰነጠቀ አልፎበታል ማለት ነው።

ከሒሳቡ ፓይ ጋር ምን አገናኘው?

ድምፁ ብቻ። የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር 3.14 ብሎ ስለሚጀምር፣ አሜሪካኖችም ወርን ከቀን ስለሚያስቀድሙ፣ ማርች 14 የፓይ ቀን ሆነ። በ1988 በሳን ፍራንሲስኮው ኤክስፕሎራቶሪየም ሙዚየም የጀመረው ላሪ ሾው የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ ነው። ፓዩ ክብ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አሳመረው።

ይህን ያህል ምግብ ባለበት ዘመን ፓይ ለምን ዛሬም ይወደዳል?

አንዱ ምክንያት አፍ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። ደረቁና እርጡቡ፣ ኩርሽም የሚለውና የሚቀልጠው በአንድ ጉርሻ ይገናኛሉ። ሌላው ክዳኑ ነው። የተሸፈነ ነገር ያጓጓል፤ ቢላዋው ሲገባ እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ሲወጣ ገበታው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል።

ሦስተኛው፣ ፓይ በተፈጥሮው የጋራ ነው። በእንግሊዝ ዮርክሸር ውስጥ ዴንቢ ዴል የምትባል መንደር አለች። ከ1788 ጀምሮ ትልቅ ነገር ሲሆን ሰፈሩ ተሰብስቦ ግዙፍ ፓይ ይጋግራል፤ የመጀመሪያው የንጉሥ ጆርጅ 3ኛን ከሕመም መዳን ለማክበር ነበር ይባላል። በ2000 የጋገሩት 12 ቶን ይመዝን ነበር። እኔ ግን የምወደው የ1887ቱን ነው። ለንግሥት ቪክቶሪያ 50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የተጋገረው ፓይ ሲከፈት ሥጋው ተበላሽቶ ነበር። ሽታው ሕዝቡን በተነው። ፓዩን ጎትተው ወስደው በኖራ ቀበሩት።

የመንደሩ ሴቶች እዚያ ላይ አልተዉትም። ብዙም ሳይቆዩ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 3፣ ሌላ ፓይ ጋግረው ሰዉን መልሰው ጠሩት። ስሙንም "የትንሣኤ ፓይ" አሉት። ይህኛው ተበላ።